ሙያ በልብ፣ ምስክሩ በወረቀት

ንግድ የሚቆመው በገንዘብና በዕቃ ብቻ አይደለም። ዕቃውን የሚረከብ፣ የሚቆጥርና ለደንበኛ የሚያስረክብ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሰው ከየት እናገኘዋለን የሚለው የነጋዴ ጥያቄ፣ ሥራ አጥቶ በየመንገዱ የሚቆመው ወጣት ምን ይሁን ከሚለው የአገር ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሲያገለግል ያየውን አንድ ነገር ቢጠቅስ ጉዳዩን ሳያስረዳ አይቀርም። ዕድሜው ወደ ሃያ የሚጠጋ፣ ወላጅ የሌለውና ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ወጣት ሥራ ፈልጎ መጣ። በአንድ መጋዘን ሦስት ዓመት ዕቃ ሲረከብና ሲቆጥር መቆየቱንም ተናገረ። አሠሪያችን «ልጄ፣ ዋስ አለህ?» ብለው ጠየቁት፤ አልነበረውም። «እንግዲያው የሠራህበት ወረቀት አለህን?» ቢሉት «ጋሼ፣ ማንም አልሰጠኝም» ሲል መለሰ። ስለዚህ ሳይቀጠር ቀረ። ሊሄድ ሲል ግን በደጅ የተደረደረውን ካርቶን አየት አድርጎ፣ ከኋላው ረድፍ ሁለት እንደሚጎድል ነገረን። ብንቆጥረው እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

አበው ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በልብ ያለ ሙያ ለማያውቀው ነጋዴ አይታየውም። ዘመድ ያለው ልጅ ዘመዱ ይመሰክርለታል፤ ዘመድ ለሌለው ልጅ ግን የሚመሰክርለት ወረቀቱ ብቻ ነው።

ይህም በከተማችን ብቻ የሚታይ አይደለም። በኡጋንዳ ወደ 1,700 የሚሆኑ ችግረኛ ወጣቶችና ወደ 1,500 የሚሆኑ ድርጅቶች ለአራት ዓመት የተከታተለ ጥናት ተደርጎ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ታትሞ ወጥቷል። ከወጣቶቹ ከፊሎቹ በሙያ ትምህርት ቤት፣ ከፊሎቹ በድርጅቶች ውስጥ ስድስት ስድስት ወር እንዲሠለጥኑ ዕድል ተሰጣቸው። በተማሩት ሙያ ሁለቱም ወገኖች ተቀራራቢ ሆኑ። በድርጅት የሠለጠኑት ጥቅሙን ቶሎ አገኙ፤ ዳሩ ግን እየዋለ እያደረ ቀነሰባቸው። የትምህርት ቤቶቹ ሠልጣኞች ግን ዘግይተው ተነሥተው፣ በሥራም በገቢም በለጧቸው። ለዚህ ዋናው ምክንያት በእጃቸው የያዙት የምስክር ወረቀት ነው። ሥራ ባጡ ጊዜ ሌላው አሠሪ ወረቀቱን አይቶ አመናቸው።

ከዚህ የምንረዳው ሱቅና መጋዘን ሙያ አያስተምሩም የሚለውን አይደለም። ያስተምራሉ፤ የጎደላቸው የተማረውን በጽሑፍ መመስከር ነው።

ሕጋችንም ለዚህ መንገድ አበጅቶለታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት ከማያንስ ሰው ጋር የሙያ መልመድ ውል መዋዋልን ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው ባለሥልጣን መረጋገጥ አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ለማጁ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታም ሊገለጹበት ይገባል። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ሊያሰማራው አይችልም፤ ስለሆነም ሒሳብ መዝገብ ሊማር የገባ ልጅ ዘወትር ሻይ ሲያመላልስ መዋል የለበትም። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይደረግም። ሥልጠናው ሲያበቃ፣ ሙያውንና የቆየበትን ጊዜ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ለማጅ ያልሆነ ሠራተኛም ቢሆን የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው።

«አስተምሬው ወረቀት ብሰጠው ማዶ ላለው ባለሱቅ ይገባብኛል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ወረቀት መከልከል ልጁን አያቆየውም፤ የሚያቆየው ተገቢ ደመወዝና መልካም አያያዝ ነው። ደግሞም ማዶ ያለው ባለሱቅ ያሠለጠነው ልጅ ነገ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ያንኑ ወረቀት አይተን እንቀጥረዋለን። ሁሉም ከነፈገ ግን ሁላችንም በየጊዜው ከሀ እየጀመርን፣ የልጆቹን ስሕተት በጉድለትና በተበላሸ ዕቃ ስንከፍል እንኖራለን።

በጀርመን አገር የለማጆችን ውል የሚመዘግቡትና የመጨረሻውን ፈተና የሚሰጡት የንግድ ምክር ቤቶች ናቸው። ነጋዴው የማኅበሩን ማኅተም ስለሚያምነው፣ የማያውቀውን ልጅ አይፈራም። የእኛም ማኅበርተኞች በዚህ ቢመክሩበት ይበጃል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ቀላል ነው። በሱቃችን ያለውን ልጅ ምን እንደሚያውቅ እንጠይቀው፤ ያወቀውንም በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ፈርመንና ማኅተም አትመን እንስጠው። ለእኛ የሩብ ሰዓት ሥራ ናት፤ ዋስ ለሌለው ልጅ ግን የሌላ ነጋዴ ደጅ የምትከፍትለት እርሷ ናት።