ብርድ ልብስ የሚበላው እሱ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ግድግዳው ዓይን አበቀለ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ተተራመሰ። አንዱ «ብርድ ልብሳችንን የሚበላው ይሄ ነው» ብሎ ጫማውን አውልቆ ሊመታው ሲል ደረስኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሲሊግራማ ላቶና የሚባለው የእሳት እራት ነው። ስሙን ያወጣለት ፒተር ክራመር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1775 ነው። ግራር በሚበቅልበት የአፍሪካ ምድር በብዛት ይገኛል። መዳፍ ያህላል፤ መልኩ የደረቀ ቅጠል ነው። ክንፎቹን አቋርጦ የሚያልፍ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ በፊተኞቹ ሁለት ክንፎች ላይ ደግሞ ትልልቅ ዓይን የሚመስል ምልክት። ቀን ቀን ጥላ ውስጥ ተለጥፎ ይውላል። ግንድ ላይ ካረፈ አጠገቡ ቆማችሁም አታዩትም። እኛ ጋ የሚጋለጠው ነጣ ያለ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነው። በእንግሊዝ ማንቸስተር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፦ የፋብሪካ ጥላሸት ዛፉን ሲያጠቁረው ነጩ የእሳት እራት ለወፍ ተጋለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1848 እዚያ የተመዘገበው ጥቁሩ ግን በዛ።

ትሉ የሚበላው የግራር ቅጠል ነው። አዋቂው እንኳን ሱፍ ሊበላ ማኘኪያም የለው! ያለው ፈሳሽ መምጠጫ የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ከክንፉ የሚረግፈው ዱቄትም፣ ልጆች እንደሚሉት ዓይን አያጠፋም፤ ከገባ በንጹህ ውኃ መታጠብ ነው።

ልብስ የሚበላው ብል ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ብርሃን የምትሸሽ። እሷም ብትሆን የምትበላው በትልነቷ ነው። ብርድ ልብሱን አውጥታችሁ አራግፉት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ትልቁን ማታ በሩን ክፈቱለት፣ ይወጣል።