አንቀጽ 40፦ የፌስቡክንና የቲክቶክን ጓዳ የሚያስከፍተው ሕግ

ፌስቡክ ላይ አንድ ወሬ በየትኞቹ ገጾች እንደተዛመተ መከታተል የፈለገ ተመራማሪ ወይም ጋዜጠኛ ለዓመታት ክራውድታንግል የተባለውን መሣሪያ ይጠቀም ነበር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በኦገስት 2024 ዘጋው (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትዊተርም ከዚያ በፊት በ2023 ለተመራማሪዎች በነፃ ይሰጥ የነበረውን መረጃ በክፍያ አደረገው፤ ያውም የአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ በጀት በማይችለው ዋጋ። ሁለቱም ሲሰጡ በፈቃዳቸው ነበር፤ ሲነሱም ማንም አልጠየቃቸውም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያጸደቀው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይህን ችሮታ ወደ ግዴታ ለወጠው። አንቀጽ 40 የሚመለከተው በኅብረቱ ውስጥ በወር 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸውን መድረኮችና የፍለጋ ሞተሮች ነው። መረጃውም ሁለት ዓይነት ነው፤ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ የሚያየውና ኩባንያው ብቻ የሚያውቀው።

ሮማኒያን እንውሰድ። በኖቬምበር 2024 በቲክቶክ ዝነኛ የሆነው ካሊን ጆርጄስኩ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን የመጀመሪያ ዙር ሳይታሰብ መራ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 6 ምርጫውን ሰረዘው። ቪዲዮዎቹ ስንት ጊዜ እንደታዩ ከውጭ ይቆጠራል። አልጎሪዝሙ ለእነማን እንዳቀረባቸው፣ በምን መስፈርት እንዳስቀደማቸው ግን ከውጭ አይታይም። የፖለቲካው ክርክር ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ይህን ስውር መረጃ የሚሻ ተመራማሪ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ለኩባንያው ሳይሆን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው። ሜታ፣ ቲክቶክና ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) የአውሮፓ መቀመጫቸውን ደብሊን ስላደረጉ ጉዳያቸው የሚወሰነው በአየርላንዱ የሚዲያ ኮሚሽን ነው። አመልካቹ የምርምር ተቋም አባል መሆኑን፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና መረጃውን እንዴት እንደሚጠብቅ ያስረዳል፤ ውጤቱንም ያለ ክፍያ ለሕዝብ ያወጣል። ኩባንያው ጥያቄው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ «መረጃው የለኝም» ወይም «የንግድ ምስጢሬን ያጋልጣል» ብሎ እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ምትክ አማራጭ ማቅረብ አለበት። የንግድ ምስጢር የሚለው ሰበብ ገና ብዙ ጠበቃ የሚያበላ ይመስለኛል።

ዝርዝር መመሪያው ሥራ ላይ የዋለው በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ስለሆነ ይህ መንገድ ገና አዲስ ነው። ሕጉ ግን ጥርስ አለው፤ ቅጣቱ እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 6 በመቶ ይደርሳል። ኤክስ በዲሴምበር 2025 120 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ ከሦስቱ ጥፋቶቹ አንዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን መረጃ ለተመራማሪዎች መከልከሉ ነበር።

ለእኛስ? ጥናቱ በኅብረቱ ውስጥ ስላለ አደጋ መሆን ስላለበት፣ በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ በአማርኛና በትግርኛ የተሰራጨው የጥላቻ ጽሑፍ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። በዚያ ጉዳይ በ2022 ሜታ ላይ ክስ የተመሠረተው ናይሮቢ ውስጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ምን እንደሚቀርብላቸው ማጥናት ግን ከሕጉ ወሰን አይወጣም። እንዲያውም ይኸው ሕግ ኩባንያዎቹ የይዘት ገምጋሚዎቻቸውን በየቋንቋው ለይተው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ የሚቆጠሩት ግን የአባል አገሮቹ ይፋዊ ቋንቋዎች ብቻ ናቸው። አማርኛን የሚያነቡ ገምጋሚዎች ስንት እንደሆኑ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ማመልከቻውን ወደ ደብሊን መላክ ይኖርበታል።