ከቆርቆሮው ሥር የሚሰቀል መብራት፦ የጅቡቲ መጋዘኖችና የኤልኢዲ ምርጫ

ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ስንዴው፣ ማዳበሪያውና የእርዳታ እህሉ ከመርከብ ወርዶ ካሚዮን ወይም ባቡር ላይ እስኪጫን ድረስ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ጣሪያቸው ከፍ ባለ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ በሆነ መጋዘኖች ውስጥ ነው። ቀኑ በሚያቃጥልበት በሐምሌና በነሐሴ ከባዱ ሥራ ወደ ማታ ይገፋል። ያኔ የትራንዚተሩ ወረቀት፣ የጆንያው ምልክትና የፎርክሊፍቱ መንገድ ሁሉ የሚታዩት አሥር ሜትር ላይ በተሰቀለው መብራት ነው።

ከተማዋ ባለፉት ሃያ ዓመታት የገነባችው ብዙ ነው። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ፤ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በ2017 ተከተለ፤ ዓለም አቀፉ ነፃ የንግድ ቀጠና ደግሞ በሐምሌ 2018 ተመረቀ። ናጋድ ላይ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ። ከእነዚህ ጋር ጋራዡ፣ የጥገና አዳራሹና ማከማቻው አብሮ በዛ።

ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያሉትን ቦታዎች በዓለም ዙሪያ ያበሩት ሦስት ዓይነት አምፖሎች ነበሩ፦ ሜርኩሪ፣ ሶዲየምና ሜታል ሃላይድ። ሜርኩሪው በሚናማታ ስምምነት መሠረት ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ተከልክሏል። ሶዲየም ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ቢሆንም ብጫ ብርሃኑ ቀለምን ያጠፋል፤ በሥሩ የቆመ ተቆጣጣሪ ቀይ ምልክት ያለበትን ጆንያ ከቡናማው ለመለየት ይቸገራል። ሜታል ሃላይድ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ጣጣው መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ነው። አምፖሉ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪበራ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ፎርክሊፍቱም ጭነቱን እንዳነሳ በጨለማ ይቆማል። ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይበራል። የኤልኢዲ ነጭ ብርሃን የተገኘው ከሰማያዊው ኤልኢዲ ነው፤ እሱን የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

ገዢው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የቆየ ልማድ ነው። ዋት የሚናገረው መብራቱ ስንት እንደሚበላ እንጂ ስንት እንደሚሰጥ አይደለም። የሚሰጠው በሉመን፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በሉክስ ይለካል። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለተራ ማከማቻ 100 ሉክስ፣ ሰው ለሚሠራበት የመደርደሪያ መተላለፊያ 150፣ ለማሸጊያና ለጭነት መረካከቢያ 300 ሉክስ ይላል። ጣሪያው ከፍ ሲል ነገሩ ይከብዳል፤ የአንድ መብራት ርቀት በእጥፍ ቢጨምር ከሥሩ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍታው ስድስት ሜትር በሆነ ጋራዥ 120 ዲግሪ የሚበትን መብራት ሲስማማ፣ 12 ሜትር ላይ የሚሰቀለው ብርሃኑን ወደ 90 ወይም 60 ዲግሪ የሚሰበስብ መሆን አለበት። ረጃጅም መደርደሪያ ባለበት ቦታ ክብ ቅርጽ ያለውን መብራት ትቶ በመተላለፊያው ልክ የሚዘረጋውን ረጅሙን ዓይነት መስቀል ይበልጥ ያዋጣል፤ ሠራተኛው የሚያነበው ወለሉን ሳይሆን በመደርደሪያው ፊት ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነውና።

እስካሁን የተባለው ለሃምቡርግም ይሠራል። ጅቡቲን የሚለየው ሙቀቱ ነው፤ ምርጫውም ከእሱ መጀመር አለበት።

የኤልኢዲ ብርሃን ወደ ታች ቢሄድም የሚያመነጨው ሙቀት ከጀርባው፣ በአሉሚኒየሙ ክንፎች በኩል አየር ላይ መውጣት አለበት። በጅቡቲ በጋ የጥላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ፀሐይ ከቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ደግሞ መብራቱ በተሰቀለበት ከፍታ ያለው አየር ሰው ከቆመበት ወለል ይልቅ ይግላል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ኃይል የሚመጥነው ድራይቨር ነው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር በየአሥር ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አሮጌው ሜታል ሃላይድ ራሱ እሳት ስለነበር የአካባቢውን ሙቀት እምብዛም አይፈራም ነበር። ኤልኢዲው ግን ስለሚፈራ ካርቶኑ ላይ የታተመው «50,000 ሰዓት» ብቻውን ብዙ አይናገርም። የመብራቱ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደላት «ቲኤ» (ta) ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ መብራቱ ሊሠራበት የሚችለው ከፍተኛው የአካባቢ ሙቀት ነው። 40 ወይም 45 የተጻፈበት ለጅቡቲ ቆርቆሮ ጣሪያ አይበቃም። 50፣ ቢቻል 55 ወይም 60 መፈለግ፣ ድራይቨሩም ከመብራቱ አካል ራቅ ብሎ የተገጠመ መሆኑን ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት ከባሕር የሚመጣው ጨው ነው። እርጥበት የተሸከመው ጨው ስስ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ተራ ብረት ብሎን ደግሞ ከመብራቱ ቀድሞ ዝጎ ይበጠሳል። ለወደብ አካባቢ የሚገዛ መብራት የባሕር አየር የሚቋቋም ቀለም፣ የማይዝግ ብሎንና ቢያንስ አቧራና ውኃ የሚከለክል የአይፒ 65 ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ሐምሲን የሚባለው የበጋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ በክንፎቹ መሃል ተኝቶ ሙቀቱን ያፍናል፤ ስለዚህ አቧራ የማይዝ፣ ክንፎቹ ሰፋ ያሉና በቀላሉ የሚጠረጉ ይመረጣል።

የተከማቸው ዕቃም ጉዳይ ነው። እህል በብዛት በሚራገፍበት አዳራሽ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ብልጭታ ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል፤ እዚያ ለሚፈነዳ አቧራ ተፈትሾ ከተመሰከረለት መብራት በቀር ሌላ መስቀል የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። በዚህ ላይ ዋጋ ማነፃፀር ተገቢ አይመስልም። ዩሪያ ማዳበሪያ በበኩሉ እርጥበት ይስባል፤ የሚለቀው አሞኒያም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ይበላልና እዚያ የሚሰቀለው መብራት በደንብ የታሸገ መሆን አለበት።

ወጪውን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 60 በ40 ሜትር የሆነ መጋዘን 200 ሉክስ እንዲያገኝ ቢፈለግ፣ በአቧራና በግድግዳ የሚባክነው ታስቦ፣ እያንዳንዳቸው 150 ዋት የሚበሉና ወደ 22,500 ሉመን የሚሰጡ 44 መብራቶች ይበቃሉ። በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ በዓመት ወደ 29,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በቦታቸው 400 ዋት ሜታል ሃላይዶች ቢሆኑ ከነባላስታቸው ወደ 87,000 ይጠጋል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋ መስመር የኢትዮጵያን የውኃ ኃይል ትገዛለች፤ በመስከረም 2023 ደግሞ የጉቤት 60 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫ ተመርቋል። እንዲያም ሆኖ ኤሌክትሪክ በከተማዋ ርካሽ አይደለም፤ በሁለቱ መብራቶች ፍጆታ ልዩነት የሚገኘው ቁጠባ ለባለመጋዘኑ ትልቅ ገንዘብ ነው። ድንገተኛ የኃይል ንረት ድራይቨሩን እንዳይገድለው ቢያንስ 6፣ ቢሻል 10 ኪሎቮልት የሚችል መከላከያ አብሮ ቢገጠም ይመከራል።

ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ሴንሰር ተጨማሪ ቁጠባ ያመጣል፤ ግን እዚህም ሙቀቱ ጣልቃ ይገባል። ርካሹ ሴንሰር የሚያየው በሰው ገላና በአካባቢው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። መጋዘኑ ራሱ 37 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠፋና መብራቱ ከሥሩ የሚሄደውን ሠራተኛ ላያየው ይችላል። የማይክሮዌቭ ሴንሰር ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ እሱ ደግሞ በስስ ግድግዳ ማዶ ያለውን እንቅስቃሴ ጭምር እያየ በከንቱ እንዳያበራ ልኩን ማስተካከል ያስፈልጋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ በጣሪያው ላይ ጣል ጣል ማድረግ በቀን መብራት እንዲጠፋ ይረዳል፤ በዛ ካለ ግን አዳራሹን ያግለዋል።

ጣሪያቸው ከፍ ላሉ ሌሎች ቤቶች፣ ለሱፐርማርኬትና ለስፖርት አዳራሽ፣ ነገሩ ይቀላል፤ ብዙዎቹ አየር ማቀዝቀዣ አላቸው። እዚያ የሚያስጨንቀው የቀለም ጥራትና ዓይን የሚወጋ ብርሃን ነው፤ ኳስ ለመቀበል ቀና የሚል ተጫዋች አምፖሉን ፊት ለፊት ማየት የለበትም። ጭነት ከፍ ሲያደርግ ወደ ላይ የሚያየው የፎርክሊፍት ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ መጋዘን ስለሆነ ብቻ ዓይኑ ችላ ሊባል አይገባም።

ጥገናው አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አንድ ድራይቨር ለመቀየር ማንሻ ማሽን መከራየት፣ መተላለፊያውን መዝጋትና ጭነቱን ማስቆም ይጠይቃል። ስለዚህ ድራይቨሩ ለብቻው የሚፈታበትን ሞዴል መምረጥ፣ ከመብራቱ ጋር ጥቂት መለዋወጫ ድራይቨሮችን አብሮ መግዛትና የአምስት ዓመቱ ዋስትና በ50 ዲግሪ ሙቀት ለሚሠራ መብራት ጭምር እንደሚያገለግል በጽሑፍ ማረጋገጥ ያሻል። ትልቅ ግዢ ያሰበ ድርጅት ከሦስት አራት አምራቾች ሁለት ሁለት ናሙና ወስዶ በሰኔ ቢሰቅል፣ እስከ መስከረም በሉክስ መለኪያ ቢከታተልና በበጋው ማብቂያ ከሥራ ያልወጣውንና ብርሃኑ ያልደበዘዘውን መርጦ ቢያዝ፣ ከማንኛውም ካታሎግ የተሻለ መረጃ በእጁ ይኖረዋል።