ለክረምቱ ምን ላንብብ?

ፈተናው አለቀ፣ ካርድ ተሰጠ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሁለት ወር ገደማ አላችሁ። ውጭ ዝናብ ነው፤ መብራቱም ሲለው ይሄዳል። ስልክ ላይ ያለውም ከሳምንት በኋላ ይሰለቻል። "እስኪ መጽሐፍ ላንብብ" ትላላችሁ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ የትኛውን? ከየት? በስንት ብር?

የማወራችሁ ለመዝናናት ስለሚነበብ መጽሐፍ ነው። አጋዥ መጽሐፍና የፈተና ጥያቄ ስብስብ የራሳቸው ጊዜ አላቸው። የክረምት መጽሐፍ ያለበት ሥራ አንድ ነው፤ አንዱን ገጽ ስትጨርሱ የሚቀጥለውን ማስናፈቅ። ይህን ካላደረገ፣ ደራሲው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ለዚህ ክረምት አይሆናችሁም።

"እሺ፣ ከየት ልጀምር?" ከራሳችሁ። ፊልም ስታዩ ምን ዓይነቱ ነው እንቅልፍ የሚያሳጣችሁ? የፍቅር ታሪክ ከሆነ የሲሳይ ንጉሡን "ሰመመን" ያዙ። ታሪኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአቤልና የትዕግሥት ነው። አማርኛው ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላት አያስፈልጋችሁም። ብዙ ሰው ልብ ወለድ ማንበብ የጀመረው በዚህ መጽሐፍ ነው። በተለይ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ ደስ ይላል።

ስለላ፣ ጦርነትና ሴራ የሚስባችሁ ከሆነ የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" አለላችሁ። ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ የምትባል ሴት ያገኛል። ፍቅሩና ጦርነቱ አብረው ይሮጣሉ፤ ምዕራፎቹም አያንዛዙም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ከገበያ ተለቅሞ ታገደ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን አውቆ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ገጽ በሌላ ዓይን ያየዋል።

"ልብ ወለድ አይሆንልኝም፤ እውነተኛ ታሪክ ነው የምወደው" የምትሉም አላችሁ። ለእናንተ "የሐበሻ ጀብዱ" አለ። አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል የቼክ ሰው ጣሊያን ሲወረን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ዘምቶ ያየውን የጻፈው ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ተጫነ ጆብሬ መኮንን ነው። የታሪክ መጽሐፍ ይሰለቸኛል የሚል ሰው እንኳ ይህን ሲጀምር አይለቀውም። በክፍል ውስጥ በሁለት አንቀጽ የሚታለፈው ጦርነት እዚህ ላይ ረሃብ፣ ጭቃና ሳቅ አለው።

ረጅም መጽሐፍ መያዝ የሚያስፈራችሁ ከሆነ አጫጭር ልብ ወለዶች ፈልጉ። አንዱ ታሪክ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር "አምስት ስድስት ሰባት" እንዲህ ያለ ስብስብ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የስብሐት ሥራዎች ሁሉ ለሁሉም ዕድሜ አይሆኑም። "ሌቱም አይነጋልኝ" ለአዋቂ የተጻፈ ነው፤ ለታናሽ ወንድም አይገዛም።

የትርጉም ሥራዎችንም አትርሱ። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የቪክቶር ሁጎን ትልቅ ልብ ወለድ "መከረኞቹ" ብሎ መልሶታል። ነቢይ መኮንን ደግሞ የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ብሎ የተረጎመው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ውስጥ ነው፤ የጻፈበትም ወረቀት የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ነበር። በትርጉም ሥራ አማርኛው የተርጓሚው ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ስም እኩል የተርጓሚውን ስም እዩ። አንድ ተርጓሚ ከጣማችሁ ሌላውንም ሥራውን ፈልጉለት።

አሁን ወደማይቀረው ጥያቄ እንምጣ፦ "ሁሉም ሰው 'ፍቅር እስከ መቃብር'ን አንብብ ይለኛል። ልጀምረው?"

ጀምሩት፤ ግን ምን እንደሚጠብቃችሁ አውቃችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ አለው። ብዙ አንባቢ መጀመሪያው ላይ ያቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ፈልጎ ይገባና የሚያገኘው የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽን ኑሮ ነው። ማንኩሳ፣ ጎጃም፤ እርሻው፣ ስለቱ፣ የመንደሩ ወሬ። ሰብለ የምትመጣው ቆይታ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው አይቸኩልም። ቸኩሎ የዘለለው ደግሞ በኋላ የበዛብህ ጭንቀት ከየት እንደመጣ አይገባውም፤ ያ የወላጆቹ ስለት ነው ልጁን እስከ መጨረሻው የሚከተለው።

ሒሳቡም እንደሚታሰበው አይከብድም። በቀን 30 ገጽ ብታነቡ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ገጽ በሁለት ደቂቃ የሚያነብ ሰው ለ30 ገጽ የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ነው። ያም ከከበዳችሁ በጆሮ ጀምሩት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም ይገኛል። የባለታሪኮቹ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣና የጉዱ ካሳ ምላስ በእሱ ድምፅ ሲወጣ፣ በወረቀት ላይ የከበደው አረፍተ ነገር ይፈታል። ጥቂት ክፍል ሰምቶ ወደ መጽሐፉ መመለስ ነውር የለውም።

መጽሐፍ ቤት ስትገቡ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የጀርባውን ጽሑፍ እለፉት። እዚያ ያለው አድናቆት ነው፤ አንዳንዱም የታሪኩን ቋጠሮ ፈትቶ ያሳያችኋል። የመጀመሪያውን ገጽ ቆማችሁ አንብቡ። ቀጥሎ መሐሉን ግለጡና ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ ፈልጉ። ደራሲ መጀመሪያውን ገጽ ደጋግሞ ያሳምረዋል፤ ድካሙ የሚታየው መሐል ላይ ነው። ንግግሩ ሰፈር ውስጥ እንደምትሰሙት የሚፈስ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ አፍ የሚናገር ከሆነ መልሱት።

አንድ ገጽ ስታነቡ የማታውቁት ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለአሁኑ ከበድ ይላል። የዳኛቸው ወርቁ "አደፍርስ" ብዙ ሰው ላይ ጣት ያስጨርሳል። ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን ከአምስት ወይም ከስድስት ልብ ወለድ በኋላ ብትመለሱበት የበለጠ ይሰጣችኋል።

ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ትንሽ ጽሑፍም ተመልከቱ። ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ማለትም መጽሐፉ ለስንተኛ ጊዜ እንደታተመ፣ የሚጻፈው እዚያ ነው። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ እትም ከሆነ ሰዎች እየፈለጉ ገዝተውታል ማለት ነው። እኔ ከማንኛውም የሽፋን አድናቆት ይልቅ ይህን ቁጥር አምናለሁ።

"ስንት ያስወጣኛል?" ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ሽፋን ላይ ታትሟል። ዛሬ አዲስ ልብ ወለድ በመቶዎች ብር ነው የሚሸጠው። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ የዶላር ምንዛሪ በጨመረ ቁጥር የኅትመት ዋጋ አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው አንድ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም አዲስ ዋጋ ይዞ የሚመጣው። አሮጌው እትም መደርደሪያ ላይ ከቀረ አንዳንዴ በቀድሞው ዋጋ ይገኛል፤ ጠይቁ። የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ካለም ጠብቁት፤ አሳታሚዎች ራሳቸው ቅናሽ ያደርጋሉ።

ቀጥሎ ያለው አማራጭ አሮጌ መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ዳር ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። እዚህ መደራደር ያለ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠሩ። አሮጌ መጽሐፍ ቀድሞ የሚጎዳው ከጫፍ ነው። 400 ገጽ አንብቦ መጨረሻው ተገንጥሎ ማግኘት ያናድዳል። መሐሉንም ቶሎ ቶሎ ገልጣችሁ የገጽ ቁጥሩ ሳይዘል መቀጠሉን አረጋግጡ።

ደብዘዝ ያለ ፊደል፣ ቀለሙ የሸሸ ሽፋን፣ ጠርዙ ላይ የተቆረጠ መስመር ካያችሁ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ነው፤ ግን ከዚያ ብር ደራሲው አንድ ሳንቲም አያገኝም። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍም አብዛኛው እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ያለፉ ሥራዎችን ግን ያለ ሥጋት ማንበብ ይቻላል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ልብ ወለድ ታሪክ" ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ ነው፤ "ጦቢያ" በሚለው ስሙ ይታወቃል። አጭር ነው፤ ሴት ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበት ታሪክ ነው።

ኪራይም አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የመጽሐፉን ዋጋ የሚያህል ብር ማስያዣ ትሰጣላችሁ፤ ስትመልሱ የቀኑ ሒሳብ ተቀንሶ ቀሪው ይመለስላችኋል። ዋጋው ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በቀን ስንት ነው? ከዘገየሁስ? ከዚያ አስሉት። እንበል ኪራዩ በቀን 10 ብር ነው። መጽሐፉን በአምስት ቀን ከጨረሳችሁት 50 ብር ወጣ። ወር ከያዛችሁት ግን 300 ይሆናል፤ በዚያ ብር አሮጌውን ገዝታችሁ የራሳችሁ ታደርጉት ነበር። ኪራይ ለቀጭንና ለሚሮጥ መጽሐፍ ነው። ወፍራሙን ግዙት ወይም ተዋሱት።

ምንም ብር የማይጠይቀው ቤተ መጻሕፍት ነው። አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ደግሞ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ላይ ቅጂ የማስገባት ግዴታ ስላለባቸው፣ ገበያ ላይ የጠፋ መጽሐፍ እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። መታወቂያ ያዙ። መጽሐፉ የሚነበበው እዚያው ተቀምጦ ስለሆነ የቆማችሁበትን ገጽ ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ መጽሐፉ ውስጥ ወረቀት ብታስቀምጡ በማግስቱ አታገኙትም። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ከተማችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ሰው በበሩ እያለፈ አያውቀውም።

"ጀምሬ ካልጣመኝስ?" አቁሙት። 50 ገጽ ስጡት። ከዚያ በኋላ ስለ አንዱም ባለታሪክ "ምን ይሆን ይሆን?" ካላላችሁ ዝጉት። መጽሐፍ ጀምሮ አለመጨረስ ስንፍና ነው ሲባል ያደገ ልጅ አንዱ የማይጥም መጽሐፍ ላይ ተጣብቆ ክረምቱን ይጨርሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ አይነካም።

ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ልለምናችሁ። ልጃችሁ የመረጠውን መጽሐፍ "ይሄ ምን ይጠቅማል?" ብላችሁ አትንጠቁት። ለዕድሜው የማይሆን ነገር ከሌለበት ይተውለት። በጨረሰ ጊዜ ማጠቃለያ ጻፍ አትበሉት፤ "ከዚያስ ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ ይተርክላችኋል። ለትንንሾቹ የከበደ ሚካኤል "ታሪክና ምሳሌ" በግጥም የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ስላሉት ማታ ማታ ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ ይመቻል። አንድ ማታ አንድ ታሪክ ይበቃል።

በመጨረሻ ስለ ወጪው አንድ መላ ላካፍላችሁ። አራት ጓደኞች ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ መጽሐፍ ግዙና በየሁለት ሳምንቱ ተለዋወጡ። ሁለት ወር ሲሞላ እያንዳንዳችሁ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አራት አንብባችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ያለዚያ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ይዞ ይመጣል። ስማችሁን በእርሳስ ጻፉበት፣ ሽፋኑን በጋዜጣ ልበዱት፣ ጠርዙን አትጠፉት። ንጹሕ መጽሐፍ በመስከረም ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሲሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ወይም ነጋዴው የተወሰነ ብር አስጨምሮ በሌላ መጽሐፍ ይለውጥላችኋል።