መካከለኛ አልጀብራ

መካከለኛ አልጀብራ (ኢንተርሚዲየት አልጀብራ) በአሜሪካ ኮሌጆች፣ በተለይም በሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጆች (ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ የሚሰጥ የሒሳብ ኮርስ ነው። ከጀማሪ አልጀብራ ቀጥሎ፣ ከኮሌጅ አልጀብራ፣ ከፕሪካልኩለስ ወይም ከስታቲስቲክስ በፊት ይወሰዳል። ይዘቱ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «አልጀብራ 2» ከሚባለው ትምህርት ጋር በአብዛኛው አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ኮሌጆች ከማካካሻ ትምህርት ይመድቡታል። ተማሪው ከፍሎ ይማረዋል፣ ውጤትም ያገኝበታል፤ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ግን ክሬዲቱ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርለትም።

ስለ ኮርሱ ብዙ የተከራከሩበት በሒሳቡ ክብደት ብቻ አይደለም። ነርስ፣ አካውንታንት ወይም መምህር ለመሆን የተመዘገቡ ብዙ ሰዎች ትምህርታቸውን ያቋረጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ይዘት

ኮርሱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም የሚከተሉት በሁሉም ይገኛሉ ማለት ይቻላል፦ መስመራዊ እኩልዮሾችና የእኩልዮሽ ሥርዓቶች፣ ፖሊኖሚያሎችን ፋክተር ማድረግ፣ ተለዋዋጭ ያለባቸው ክፍልፋዮች፣ ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ያለባቸው እኩልዮሾች፣ ባለ ዳግም ርቢ (ኳድራቲክ) እኩልዮሽ፣ እና የፈንክሽን ጽንሰ ሐሳብ። ጊዜ ከተረፈ ሎጋሪዝም ይጨመራል። በብዙ ክፍሎች ጊዜ አይተርፍም።

የኮርሱ ማዕከል ባለ ዳግም ርቢ እኩልዮሽ ነው። ታሪኩ ሩቅ ነው። መሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ሠርቶ አሳይቷል። «አልጀብራ» የሚለው ስምም የመጣው በዚሁ መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ ካለው «አል-ጀብር» ከሚለው ቃል ነው። አል-ኽዋሪዝሚ ምልክት አልተጠቀመም፤ ሁሉንም በቃላት ነበር የሚጽፈው። ያልታወቀውን ቁጥር ከጠራባቸው ስሞች አንዱ «ሸይእ» ሲሆን ትርጉሙ «ነገር» ማለት ነው። በዚህ መጣጥፍም ያልታወቀው ቁጥር «ሸ» ተብሏል። ጥያቄው በዛሬ አጻጻፍ፦

ሸ² + 10ሸ = 39

አፈታቱ ሥዕል ነው። ጎኑ ሸ የሆነ ካሬ ይሳላል፤ ስፋቱ ሸ² ይሆናል። 10ሸ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዳቸው 5 በ ሸ የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች በካሬው በሁለት ጎኖች ላይ ይለጠፋሉ። እስካሁን ያለው ስፋት 39 ነው። ሥዕሉ ግን አንድ ጥጉ ጎደሎ ነው፤ የጎደለው 5 በ 5 ማለትም 25 ነው። ሲሞላ 39 + 25 = 64 ይሆናል። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው፤ ይህ ጎን ደግሞ ሸ + 5 ስለሆነ ሸ = 3። ይህ ዘዴ «ካሬ ማሟላት» ይባላል።

እኩልዮሹ ሁለተኛ መልስም አለው፦ −13። 169 − 130 = 39 ስለሚሆን ትክክል ነው። አል-ኽዋሪዝሚ አልተቀበለውም፤ የጎን ርዝመት ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልምና። ተማሪዎች በቃላቸው የሚይዙት ቀመር ይኸው ሥዕል በፊደል ተጽፎ ነው፦ ሀሸ² + ለሸ + ሐ = 0 ከሆነ (ሀ ዜሮ ካልሆነ)፣

ሸ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ)) ÷ 2ሀ

ከላይ ያለው ጥያቄ በቀመሩ ሲሠራ በዳግም ዘሩ ውስጥ 100 + 156 = 256 ይገኛል፤ ዳግም ዘሩ 16 ስለሆነ መልሶቹ 3 እና −13 ናቸው። ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ አንድ ምልክት ከረሳ መመለሻ የለውም፤ ሥዕሉን ያወቀ ግን ቀመሩን ራሱ ደግሞ ማውጣት ይችላል።

ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከአዲሱ ትምህርት ሳይሆን ከአሮጌው፣ በተለይ ከክፍልፋይ ነው። (ሸ + 6) ÷ 6 ሲሰጥ ብዙዎች ሁለቱን 6 ሰርዘው «ሸ» ብለው ይመልሳሉ። ላዕል እና ታህት የሚጣፉት ሙሉው ላዕል በዚያ ቁጥር የተባዛ ሲሆን ብቻ ነው፤ እዚህ 6 የተደመረ እንጂ የተባዛ አይደለም። ትክክለኛው መልስ ሸ/6 + 1 ነው።

ሌላው ታዋቂ ስሕተት (ሸ + 3)² = ሸ² + 9 ማለት ነው። ሸ = 1 ተብሎ ቢሞከር በግራ 16፣ በቀኝ 10 ይወጣል። ትክክለኛው ሸ² + 6ሸ + 9 ነው፤ የተረሳው 6ሸ ከላይ በሥዕሉ የተለጠፉት ሁለት አራት ማዕዘኖች ናቸው። ቁጥር ተክቶ መሞከር አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ሆኖም በፈተና ላይ የሚያደርገው ጥቂት ነው።

ከበድ የሚለው «ሐሰተኛ መልስ» የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ተማሪው እርምጃውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ መልሱ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ፦

√(ሸ + 6) = ሸ

ሁለቱም ወገን በራሱ ሲባዛ ሸ + 6 = ሸ² ይሆናል፤ ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ ሸ² − ሸ − 6 = 0፣ ፋክተር ሲደረግ (ሸ − 3)(ሸ + 2) = 0። መልሶቹ 3 እና −2 ይመስላሉ። 3 ሲተካ √9 = 3፣ ትክክል ነው። −2 ሲተካ ግን √4 = 2 እንጂ −2 አይደለም። ምክንያቱ በራስ ማባዛት የኋሊት የማይመለስ እርምጃ መሆኑ ነው፤ 2 እና −2 ሁለቱም 4 ስለሚሰጡ የምልክቱ ልዩነት ይጠፋል። በተለዋዋጭ ማባዛትም ተመሳሳይ አደጋ አለው፦

ሸ/(ሸ − 3) = 3/(ሸ − 3) + 2

ሁለቱም ወገን በ ሸ − 3 ሲባዛ ሸ = 3 + 2ሸ − 6፣ ስለዚህ ሸ = 3። ነገር ግን ሸ 3 ሲሆን ታህቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም። እኩልዮሹ መልስ የለውም። «መልስ የለውም» ብሎ መጻፍ የሚከብዳቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ለዓመታት እያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር እንዲወጣለት ሲጠበቅ ቆይቷልና።

የቃላት ጥያቄዎችም የራሳቸው ችግር አላቸው። አንድ ቧንቧ ታንከሩን በ4 ሰዓት፣ ሌላው በ6 ሰዓት ይሞላል፤ ሁለቱ አብረው ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል? «5» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ፈጣኑ ብቻውን በ4 ሰዓት እየሞላ ሁለተኛው ሲጨመርለት 5 ሰዓት ሊፈጅ አይችልም። መደመር ያለበት የሚፈጁት ጊዜ ሳይሆን በአንድ ሰዓት የሚሞሉት መጠን ነው፦ 1/4 + 1/6 = 5/12። ስለዚህ 12/5 ሰዓት፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል።

የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎች ደግሞ የእኩል ምልክት ያደናግራቸዋል። ሸ = ሸ + 1 በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች «ሸ ላይ አንድ ጨምር» ማለት ሲሆን በአልጀብራ ግን መልስ የሌለው እኩልዮሽ ነው። በአንዱ ትእዛዝ ነው፣ በሌላው ስለ ሁለት ነገሮች መተካከል የተነገረ ቃል።

መስፈርትነቱ እና ክርክሩ

በካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጆች የሁለት ዓመት ዲግሪ ለማግኘት የሚጠየቀው የሒሳብ ደረጃ ከ2009 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ ከጀማሪ ወደ መካከለኛ አልጀብራ ከፍ ተደርጎ ነበር። በዚያ ጊዜ አዲስ ገቢዎች የምደባ ፈተና ይወስዱና እንደ ውጤታቸው ከተከታታይ ኮርሶች በአንዱ ይመደባሉ። ከታች የተመደበ ሰው አርቲሜቲክ፣ ቅድመ አልጀብራ፣ ጀማሪ አልጀብራ፣ ከዚያ መካከለኛ አልጀብራ ማለፍ ነበረበት። ይህ ሰንሰለት ራሱ ችግር ነው። በእያንዳንዱ ኮርስ ከመቶ 70 ተማሪ ያልፋል ብንል እንኳ አራቱን በተከታታይ የሚያልፈው ከመቶ 24 ያህል ብቻ ይሆናል (0.7 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ)። ወጪም አለው፤ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የማካካሻ ትምህርትን የሚሸፍነው በጠቅላላው እስከ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ድረስ ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ አንድሩ ሃከር በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አልጀብራ ለሁሉም ግዴታ መሆኑን የሚቃወም ጽሑፍ አውጥቶ ሰፊ ክርክር አስነሣ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ደግሞ ማካካሻ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ ከፋፍሎ፣ አንዱን ወገን በጀማሪ አልጀብራ፣ ሌላውን በቀጥታ ከድጋፍ ጋር በኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስገባ። ስታቲስቲክሱን ያለፉት ከመቶ 56 ገደማ፣ አልጀብራውን ያለፉት ከመቶ 39 ገደማ ነበሩ። የካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጆች ቻንስለር የነበረው ኤሎይ ኦርቲዝ ኦክሊም በ2017 እ.ኤ.አ. ሒሳብ ነክ ባልሆኑ የትምህርት መስኮች መካከለኛ አልጀብራ መስፈርት መሆኑ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ።

በዚያው ዓመት የወጣው ኤቢ 705 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ኮሌጆች ተማሪውን በምደባ ፈተና ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ እንዲመድቡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥም የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሒሳብ የማጠናቀቅ ዕድሉን ከፍ እንዲያደርጉ አስገደደ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኤቢ 1705 ሲጨመር የማካካሻ ኮርሶች ይበልጥ ተመናመኑ። ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ነጥብም ቀላል አይደለም፤ ትምህርት ካቆመ ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ክፍልፋይ ሳይከልስ ካልኩለስ ውስጥ ቢገባ ማን ይደግፈዋል ይላሉ። ምሕንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ሰው ይዘቱ የትም አይቀርለትም፤ የተለወጠው የት እና መቼ እንደሚማረው ነው።

ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች

በኢትዮጵያ የዚህ ኮርስ ይዘት አብዛኛው በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል ይሰጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት የሒሳብ ኮርስ ይህን እንደሚያውቁ ቆጥሮ ከሎጂክ እና ከስብስብ ይጀምራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ አሜሪካ የሄደ ሰው ሒሳቡ አዲስ አይሆንበትም፤ የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ የዓመታት ርቀትና የጥያቄው ቋንቋ ነው።

ለምሳሌ የሳንቲም ጥያቄ በአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ነው፦ «20 ዳይም እና ኳርተር አሉ፤ ጠቅላላ ዋጋቸው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ ከእያንዳንዱ ስንት አለ?» ዳይም 10 ሳንቲም፣ ኳርተር 25 ሳንቲም መሆኑ ጥያቄው ውስጥ አይጻፍም። ይህን ለሚያውቅ ደ + ኳ = 20 እና 10ደ + 25ኳ = 320 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ መልሱም 8 ኳርተር እና 12 ዳይም ነው። ለማያውቅ ግን የሁለት እኩልዮሽ ሥርዓት መፍታት ቢችል እንኳ መነሻ የለውም። በአማርኛ «ላዕል»፣ «ታህት»፣ «ዳግም ዘር» እያለ የተማረ ሰው ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስሞቻቸው ይለማመዳቸዋል።

በነጻ ከሚገኙ መማሪያዎች መካከል በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኦፕንስታክስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመካከለኛ አልጀብራ መጽሐፍ ይጠቀሳል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሲሆን ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል።