አሮጌው መርሴዲስ በጅቡቲ ሙቀትና ጨው መካከል

የጅቡቲ ከተማ በባሕርና በበረሓ መካከል የተቀመጠች ናት። በበጋዋ ወራት «ኻምሲን» የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ሲያርፍም የባሕሩ እርጥበት ቦታውን ይረከባል። ሰው ጥላ ፈልጎ ይጠለላል። ደጅ የሚያድረው መኪና ግን ሙቀቱንም ጨዉንም ያለ እፎይታ ይቀበላል። መኪናው አሮጌ፣ ያውም በዘመኑ የቅንጦት የነበረ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ ራሱ መጠገንን ይማራል፣ ወይ መኪናውን በአጥር ጥግ አቁሞ ዝገት ሲበላው ይመለከታል። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድምና።

ለምሳሌነት የመረጥነው መርሴዲስ ቤንዝ 123 የተባለውን ዓይነት ነው። ፋብሪካው ይህን መኪና እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቅርቦ እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል አምርቷል። ባለ አራት ሲሊንደሩ 240 ዲ እና ባለ አምስት ሲሊንደሩ 300 ዲ በናፍጣ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሞተራቸውን የሚያዝ ኮምፒዩተር የላቸውም። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን ነገር በራሱ እጅ ሊደርስበት ይችላል። ከዚህ በኋላ የመጡትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተሞሉትን የቅንጦት መኪናዎች ግን በቤት ይጠገናሉ ብለን አንባቢን ልናሞኝ አንሻም።

በጦር ሠራዊት ዘንድ ጥገና በእርከን የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን የአሽከርካሪው ድርሻ ሲሆን፣ መመልከትን፣ ማጽዳትን፣ ማጥበቅንና ዘይት መጨመርን ይይዛል። ከባዱ ሥራ ወደ በላይ እርከን ይተላለፋል። ይህ አሠራር ለግል መኪናም እንደሚበጅ እናምናለን። በየማለዳው ኮፈን ከፍቶ የዘይቱን መጠን፣ የውኃውን ልክ፣ የቺንጋውን ጥብቀትና ከሥር የተንጠባጠበ ነገር መኖሩን ማየት ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ለጅቡቲ ሰው ማለዳ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ያጋለው ብረት እጅ ያቃጥላል፤ ደግሞም የዕለቱ ጫት ከደረሰ ወዲያ ቁልፍ የሚያቀብል ረዳት ማግኘት ቀላል አይደለም።

በዚህች ከተማ የሞተር ቀንደኛ ጠላት ውኃው ነው። የከተማዋ ነዋሪ ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ነው። ይህ ውኃ በራዲያተር ውስጥ ሲዘዋወር ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ በአንድ በኩል የአሉሚኒየሙን ክፍል ይበላል፣ በሌላ በኩል በሻይ ጀበና ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ስለዚህ ራዲያተር በተጣራ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይሞላም። አንዳንድ ሰዎች ከቤት ኤር ኮንዲሽነር የሚንጠባጠበውን ውኃ ያጠራቅማሉ። ይህ ውኃ ከጨው ነፃ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም አቧራና የብረት ቅንጣት ሊይዝ ስለሚችል በጨርቅ አጥልሎ ለችግር ቀን ማዋል እንጂ በባትሪ ውስጥ መጨመር አይገባም። «በረዶ በማይታወቅበት አገር አንቲፍሪዝ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄም ይሰማል። አንቲፍሪዝ ውኃ እንዳይረጋ ብቻ ሳይሆን የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ለማድረግና ዝገትን ለመከላከልም የተሠራ ነው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ለጅቡቲ ከአውሮፓ ባላነሰ ያስፈልጋል።

የ123 ራዲያተር ግራና ቀኙ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቅና የላይኛው ጎማ ቱቦ የሚገባበት አንገት ሳይታሰብ ይሰበራል። ይህ አደጋ በከተማ ውስጥ ቢደርስ መኪና አስጎትቶ መመለስ ይቻላል። ከከተማው ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ ወዳለችው ወደ አርታ በሚያወጣው ዳገት ላይ ቢደርስ ግን ሞተሩን ያሳጣል። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ከፍ ሲል ኤር ኮንዲሽነሩን መዝጋትና የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻ መክፈት ጥቂት ፋታ ይሰጣል። ተሳፋሪው ቢያማርርም ሞተሩ ይተነፍሳል። መለኪያው መውጣቱን ካላቆመ ቆሞ ሞተር ማጥፋትና እስኪበርድ መጠበቅ እንጂ፣ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል። የራዲያተሩን ክዳንም በትኩሱ መክፈት ፊትንና እጅን ያስገርፋል፤ ታምቆ የቆየው ውኃ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት ይፈላልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የኢትዮጵያ መካኒክ ቋንቋውን ከኢጣልያኖች፣ የጅቡቲው ከፈረንሳዮች ወርሶአል። የእኛው «ቴስታታ» የሚለውን የጅቡቲው «ኩላስ» ይለዋል፤ «ካንዴላ» ደግሞ «ቡዢ» ነው። ዕቃ ለመግዛት የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ከስሙ ይልቅ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

የ123 ናፍጣ ሞተር አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው። ቁልፉ ተዘግቶ እንኳ ሞተሩ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ግለት እንጂ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ስላልሆነ፣ ሞተሩን የሚያጠፋው ቫኪዩም የሚባለው የመሳብ ኃይል የነዳጅ ፓምፑን ሲዘጋው ነው። የበሮቹ መቆለፊያም በዚሁ ኃይል ይሠራል። ስለሆነም ሞተር አልጠፋ ሲል ጉድለቱ አንዳንዴ የሚገኘው በኋላ በር ውስጥ በተቀደደች ትንሽ ጎማ ላይ ነው። ቱቦዎቹን ተራ በተራ እየደፈኑ መፈተን ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። እስኪገኝ ድረስ በሞተሩ ላይ «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መግፊያ በእጅ ተጭኖ ማጥፋት ይቻላል።

ዝገቱን በተመለከተ፣ መኪናውን ከሥር በኩል ጨው በሌለው ውኃ ማጠብ፣ በበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ መክፈት፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከባትሪው ማስቀመጫና ክሪክ ከሚገባበት ቦታ እርጥበት መኖሩን መመልከት ነው። የዛገ ላሜራ በካቻቢቴ እጀታ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ገዢን ማታለያ እንጂ ጥገና አይደለም።

ፍሬን ለብቻው መነሣት አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ የሚስበው እርጥበት አይጠፋም። እርጥበት የገባበት ዘይት ከአርታ ቁልቁል ሲወረድ ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎማም ጥርሱ ሳይበላ በዕድሜ ያረጃል። በጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ለማንም አይፈቀድም፤ የብረት ድጋፍ ከሌለ ሥራው ይቆይ። የነዳጅ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ለባለሙያ መተው ይገባል። የኤር ኮንዲሽነሩም ጋዝ እንዲሁ ነው። እነዚህ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሞሉበት አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከምርት ወጥቷል። በአዲሱ ጋዝ ለመተካት የቀድሞውን ማውጫና አየሩን መጥጦ ማድረቂያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በማንም ግቢ ውስጥ የሚገኝ አይደለም።