ጉልበት የሚያበዛው ወይስ የሚያሳውቀው? የፕራይመር መክተቻ መሣሪያ አመራረጥ

በዩናይትድ ስቴትስ የተተኮሰን የጥይት ቀለሃ እንደገና ሞልቶ መጠቀም ብዙ ዒላማ ተኳሾች በየቤታቸው የሚያዘወትሩት ሥራ ነው። ለፊዚክስ መምህር ከዚህ ሥራ እጅግ ማራኪው ክፍል ባሩዱም አረሩም ሳይሆን፣ በቀለሃው ግርጌ መካከል የምትገባው ትንሿ ቆብ፣ ማለትም ፕራይመር ናት።

ስፋቷ እንደ ዓይነቷ 4.45 ወይም 5.33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በውስጧ በምት የሚቀጣጠል ውሕድ አለ፤ በላዩም እንደ ቀጥቃጭ መስፍ የሚያገለግል ትንሽ ብረት ተቀምጧል። ቃታ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ ቆቧን ይመታል፤ ውሕዱም በቆቧና በመስፉ መካከል ተጨፍልቆ ይቀጣጠላል። መስፉን ከፕራይመሯ ጋር ያዋሐደው ዘዴ በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር፣ በቀለሃው ላይ የተከለው ደግሞ በአሜሪካዊው ሃይራም በርዳን ስም ይጠራል። የሚያስገርመው፣ አሜሪካውያን የእንግሊዛዊውን፣ አያሌ የአውሮፓ አገሮች ግን የአሜሪካዊውን ዘዴ መምረጣቸው ነው።

ዋናው ጥያቄ መስፉ የጉድጓዱን ወለል ነክቷል ወይ የሚለው ነው። ካልነካ፣ የመርፌው ኢነርጂ ውሕዱን በመጨፍለቅ ፈንታ ፕራይመሯን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል፤ ጥይቱም ይከሽፋል። ከዚህ የከፋም አለ። እንደ ኤም-1 ጋራንድ ባሉ፣ መርፌያቸው ያለ ምንጣሪ በነፃ በሚንቀሳቀስባቸው ጠመንጃዎች፣ ወጣ ብላ የቀረች ፕራይመር ማንም ቃታ ሳይነካ፣ ጠመንጃው ራሱን ሲዘጋ ልትቀጣጠል ትችላለች። ስለዚህ ከግርጌው ገጽ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ገባ ብላ መቀመጥ ይኖርባታል።

መክተቻዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ከትልቁ መጭመቂያ ጋር የተያያዘ፣ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው የሚታሰርና በእጅ የሚጨበጥ። ሁሉም መፈንቅል ናቸው። የመጭመቂያው ረጅም እጀታ ጫፉ 100 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ፕራይመሯ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ትገባለች ብለን እናስብ። ሰበቃን ብንተው ጉልበታችን 50 ጊዜ ተባዝቷል። ሆኖም ይኸው ስሌት ወደ ኋላም ይሠራል፤ መስፉ ወለሉን ሲነካ የሚፈጠረው የ50 ኒውተን ለውጥ እጃችን ዘንድ ሲደርስ 1 ኒውተን ይሆናል። ያም በእጀታው ክብደትና በመገጣጠሚያዎቹ ሰበቃ ውስጥ ይጠፋል። በእጅ የሚጨበጠው ግን ጉልበትን ብዙ ስለማያበዛ፣ ጣት «ደረሰ» የሚለውን ቅጽበት ይለያል። የጉድጓዱን መላላት እንኳ ያሳውቃል፤ ፕራይመሯ ያለ ችግር ከገባች ቀለሃው አርጅቷልና ይጣላል።

ጉድለቱ ድካም ነው። መቶ ያህል ጊዜ የጨበጠ እጅ የመለኪያነት ብቃቱ ይቀንሳል (የቤተ ሙከራ ተማሪዎቼ ከሰዓት በኋላ የሚያመጡትን ንባብ ያስታውሰኛል)። ስለዚህ ጥቂት ለሚሞላ ሰው የእጁን፣ ብዙ ለሚሞላ የጠረጴዛውን እመርጣለሁ፤ የመጭመቂያውን በመጨረሻ።

ከምርጫው በፊት ግን ትሪውን ማየት ያሻል። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች በርካታ ፕራይመሮች ከመግፊያው አጠገብ ይደረደራሉ፤ አንዷ ብትፈነዳ ሌሎቹን ልታስከትል ትችላለች። በትሪውና በመግፊያው መካከል መከለያ ያለው ይሻላል፤ መነጽርም ግዴታ ነው። አንዷ አልገባ ካለች በኃይል መግፋት አይገባም፤ ያች ቆብ የተሠራችው ለምት እንድትመልስ ነውና ቀለሃውን አውጥቶ ጉድጓዱን መመርመር ነው።